ደብዳቤውን ገቢ አድርጉ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ሠራተኛ ሲበደል መጀመሪያ የሚሄደው ሻይ ቤት ነው። እዚያ ይብሰለሰላል፤ ጓደኛው ደግሞ “ተወው ባክህ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ” ይለዋል። ውሸት ነው! የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይከሰሳል፣ ይረታልም። የሚረታው ግን ወረቀት በያዘ ሰው ነው።

መጀመሪያ የምትተዳደሩበትን ሕግ ለዩ። ፒያሳ አብረው ማኪያቶ የሚጠጡ ሦስት ጓደኛሞች ሦስት ሕግ ሊኖራቸው ይችላል። የሚኒስቴሩ ሠራተኛ በፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ይተዳደራል። የወረዳው ሠራተኛ የከተማው አዋጅ አለው። የልማት ድርጅቱ ሠራተኛ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ነው። ነጋሪት ጋዜጣውን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ጠይቁ። ከወሬ ይሻላል።

ደመወዛችሁን ራሳችሁ አስሉት። 10,000 ብር ከሆነ ጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ይቆረጣል። ግብሩ አሁን ባለው ምጣኔ 1,650 ብር ነው። እጃችሁ የሚገባው 7,650 ብር መሆን አለበት። ካነሰ ሂሳብ ክፍል ሄዳችሁ “ይህ ተቀናሽ የምንድን ነው?” በሉ። መልሱ ካላጠገባችሁ ጻፉ።

አጻጻፉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ደብዳቤ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን። የምትቃወሙትን ውሳኔ ቀንና ቁጥር ጥቀሱ፤ ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የሚሄድ ደብዳቤ ላይ ግልባጭ ለጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የሚያደርጉ አሉ፤ እኛ መዝገብ ቤት እንስቃለን። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ኑ። አንዱን እኛ እናስቀራለን፣ የእናንተው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱ። ለጸሐፊዋ ሰጥቶ መሄድ ማስረጃ አይሆንም። አንቀበልም ካሏችሁ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ፣ ማለትም በአደራ ደብዳቤ ላኩት፤ ደረሰኙን አትጣሉ።

የቅጣት ወይም የስንብት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ለመቀበል እምቢ አትበሉ። “ደርሶኛል፣ አልተስማማሁም” ብላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙ። የይግባኝ ጊዜው አጭር ነው፤ ስንት ቀን እንዳላችሁ በዚያው ቀን ከአዋጁና ከመመሪያው አረጋግጡ። ከቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በላይ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። የሥራ ውጤት ምዘና፣ የእድገትና የምደባ ደብዳቤዎቻችሁን ቅጂ እቤታችሁ አስቀምጡ። አዲስ መዋቅር መጥቶ ድልድል ሲጀመር ከግል ማኅደር ወረቀት ይጠፋል። እንዴት እንደሚጠፋ አትጠይቁኝ።

በጋራ መደራደርስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀትና ከአሠሪ ጋር በጋራ የመደራደር መብትን ሥራቸው ለሚፈቅድላቸው፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ላሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ይሰጣል። ዝርዝሩን ግን ለሕግ ትቶታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም እኛን አይመለከትም። የልማት ድርጅት ሠራተኞች እድለኞች ናችሁ፤ አሥር ሰው ካላችሁ ማኅበር መመሥረት ትችላላችሁ። ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነቱን፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው የተዋዋሉትን፣ ኮፒ ጠይቁና አንብቡት። እኛ ሲቪል ሰርቫንቶች ለጊዜው የጋራ አቤቱታ አለን። ስም፣ የሥራ መደብና ፊርማ በሰንጠረዥ ይሁን። ጉዳዩን በእያንዳንዱ የፊርማ ገጽ አናት ላይ ጻፉት፤ አለበለዚያ ነገሩ ሲከር “እኔ የፈረምኩት ለትራንስፖርት ሰርቪስ መስሎኝ ነው” የሚል አይጠፋም።