ድሬ ላይ ሙቀት የመታውን ሰው መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዛ ጫኑት

ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ እንዴት እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር እንኳን ንፋሱ ራሱ ያቃጥላል። በዚህ ወቅት ብሎኬት ሲሸከም የዋለ ልጅ ወይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተኙ እናት ሰውነታቸው እሳት ሆኖ መዘባረቅ ከጀመሩ ወይ ራሳቸውን ከሳቱ ሂት ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሱ። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቷል፣ ጭንቅላትም ተነክቷል ማለት ነው። ላብ አለው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ስራ ላይ የተመታ ሰው በላብ ተነክሮም ሊሆን ይችላል።

አሁን ሁላችንም የምናደርገው ባጃጅ ጠርተን ጭነን መሮጥ ነው። አቦ ውሃ አጠገባችሁ ካለ መሮጡን ትንሽ አቆዩት! አንዱ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ይደውል፣ ሌላው ውሃ ያምጣ። ለምን እንደምል ላስረዳ፣ ሰውነት ሲግል ሙቀቱን ለማስወጣት ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፣ የቆዳው ደም ስር ሁሉ ይከፈታል፣ ፈሳሹም በላብ አልቋል፣ ስለዚህ ለሆድ ዕቃ የሚደርሰው ደም ያንስና ፕሬዠር ይወርዳል። አንጀት ደም አጥቶ ሲግል ደግሞ ግድግዳው ማሳለፍ ይጀምራል፣ ውስጡ ካሉት ባክቴሪያዎች መርዝ ወደ ደም ይገባል፣ ከዛ ሰውነት ከባድ ኢንፌክሽን የገባበት ይመስል ብግነት ያስነሳል፣ ደም በትናንሽ ደም ስሮች ውስጥ ይረጋል፣ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳሉ። ይሄን ሁሉ ባንዴ የሚያቆም መርፌ የለም። የሚነዳው ሙቀቱ ስለሆነ ሙቀቱን በ30 ደቂቃ ውስጥ ማውረድ ነው ዋናው ህክምና፣ ሰውየው ሲቀዘቅዝ የቆዳው ደም ስር ይጠብና ደሙ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ፕሬዠሩም ብዙ ጊዜ አብሮ ይነሳል።

ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ (ሴት ከሆነች እርጥብ ነጠላ ጣል አርጉባት፣ ነውር ነው ብሎ በወፍራም ልብስ ማቆየት ግን አይሆንም)። ጠንካራ ወጣት ከሆነና ሰው ካለ ሸራ መሬት ላይ ዘርጉ፣ መሃል አስተኙት፣ አራት አምስት ሆናችሁ ጠርዙን ወደ ላይ ይዛችሁ እንደ ገንዳ አድርጉት፣ ከዛ የበርሜሉን ውሃ በጀሪካን እየቀዳችሁ አፍስሱበት፣ በረዶ ከተገኘ ጨምሩበት፣ ሸራውን ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ ውሃው ሰውነቱን ይዙረው። አንድ ሰው ስራው ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ መያዝ ብቻ ይሁን፣ አፍና አፍንጫው ውሃ እንዳይነካ። ለሽማግሌና ለህመምተኛ ግን ይሄ ይከብዳል፣ ለነሱ ገላውን በሙሉ እያረጠቡ ፋን መልቀቅ ይሻላል፣ መብራት ከሌለ በካርቶን አራግቡ፣ የኛ አየር ደረቅ ስለሆነ ጥሩ ይሰራል። በረዶ የሆነች ሀይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ አድርጉ። ቴርሞሜትር ከሌለ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንደዚህ አርጋችሁ ጫኑት፣ መንገድ ላይም ማርጠቡ አይቁም። ውሃ የሌለበት ቦታ ከሆነ ግን ሳትጠብቁ ሂዱ።

ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ፣ ውሃም ቢሆን ሳንባው ይገባል፣ ሸራው ላይ ካልሆነ በጎኑ አስተኙት። ፓራሲታሞል ይሄን ሙቀት አያወርድም፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደግሞ ደም የመፍሰስ አደጋውንና የኩላሊቱን ጉዳት ያባብሳሉ። በአልኮል ማሸትም ይቅር። ኦአርኤስ የሚሰጠው ነቅቶ በደንብ መዋጥ ለሚችል ሰው ነው።

ወባ ነው የሚል ሰው መቼም አይጠፋም፣ ድሬ ወባም ደንጊም ያለባት ከተማ ስለሆነች ምርመራው ተገቢ ነው፣ ግን እያቀዘቀዙ እንጂ ማቀዝቀዙን አቁሞ አይደለም። በብብት የተለካ ሙቀትም አያታልላችሁ፣ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ ትክክለኛው በፊንጢጣ የሚለካው ነው።

ድል ጮራም ሳቢያንም ሆስፒታል ስትደርሱ ስንት ሰዓት ላይ እንደወደቀ፣ ምን ያህል እንዳቀዘቀዛችሁት፣ የሚወስደውን ኪኒን በተለይ የፕሬዠር ወይ የሽንት መድኃኒት ካለ፣ ጫት ቅሞ ከነበረም ሳትደብቁ ተናገሩ፣ ጫት ራሱ ሙቀት ይጨምራል። እዛ 39 ዲግሪ አካባቢ እስኪወርድ ያቀዘቅዙታል፣ እኛ ግሉኮስ የምንለውን ፈሳሽ፣ ብዙ ጊዜ ሳላይን ወይ ሪንገር ነው፣ በደም ስር ይሰጡታል። ቤተሰብ ሌላ ጨምሩለት ብሎ ባይጨቀጭቅ ደስ ይለኛል፣ በተለይ ሽማግሌ ላይ ከበዛ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ስለዚህ ፕሬዠሩንና ሽንቱን እያዩ ነው የሚጨምሩት። ቀዝቅዞም ፈሳሽ አግኝቶም ፕሬዠሩ ካልተነሳ እንደ ኖርአድሬናሊን ያለ ፕሬዠር የሚያነሳ መድኃኒት በደም ስር በጠብታ ይጀመራል። አንቲባዮቲክ ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ እንጂ ለብግነቱ ተብሎ አይሰጥም፣ ስቴሮይድም ለዚህ እንደሚጠቅም አልተረጋገጠም።

አይኑን ገልጦ አወራ ብላችሁ በማግስቱ ፈርማችሁ እንዳታወጡት፣ ልለምናችሁ! የጉበቱ ጉዳት በደም ምርመራ ጎልቶ የሚታየው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው፣ ኩላሊቱም እንደዛው ዘግይቶ ሊደክም ይችላል። ከወጣ በኋላም ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይ ከቀነሰ፣ አይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ድዱ ወይ አፍንጫው ከደማ፣ ንግግሩ ከተምታታ በዛው ሰዓት መልሱት፣ ወደ ፀሐይ ስራም ሐኪሙ ሳይፈቅድለት አይመለስ።