ከሴፍቲኔት ወደ ራስ ሥራ፦ ለሐዋሳ ነዋሪዎች

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ የከተማ ቤተሰቦችን በገንዘብ የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳ አንዷ ነበረች። የአካባቢ ልማት ሥራ ለሚሠሩ ቤተሰቦች ድጋፉ የታቀደው ለ3 ዓመት ነው፤ መውጫውን ከመጀመሪያው ቀን ማሰብ ይገባል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሥራ ሳይጠየቁ ገንዘብ በሚያገኙበት በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ።

በምልመላው ወቅት የቤተሰብዎን አባላት በሙሉ ያስመዝግቡ። ስምዎ ከዝርዝሩ ከጎደለ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ወዲያው በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ቅጂውንም ይያዙ። በቃል የቀረበ ቅሬታ በቀላሉ ይረሳል።

ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጠባል፤ ከ1,000 ብር 200 ማለት ነው። ይህን ገንዘብ አደራ አይንኩት! በኋላ የሚሰጠው የሥራ ማስጀመሪያ ገንዘብ ዕቃ ይገዛል፣ ገበያው እስኪለምድዎ የሚያሻግርዎ ግን ቁጠባው ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉንም ዕቃ ላይ ያውልና ለጤፍ ይበደራል።

እንጀራ ጋግረው ለመሸጥ ካሰቡ ምጣድ ከመግዛትዎ በፊት መስመሩን ያስፈትሹ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለአምፖል የተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይግላል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። ከቆጣሪው ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ያስዘርጉ። ተከራይ ከሆኑና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የመብራት አከፋፈሉን ከአከራይዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ለምግብ ቤት በዱቤ ሲያስረክቡ ደብተር ላይ ያስፈርሙ፤ የትናንቱ ሳይከፈል የዛሬውን አይጨምሩ።