አዲስ ነርሶች፣ የኔን ስህተት አትድገሙ

ሥነ ምግባር ስንማር ፈተና ላይ የሚመጣው ትልልቁ ጉዳይ ነበር። ሰሜን ሸዋ ስትመደቡ ግን የሚጥላችሁ ትንንሹ ነው። አብዛኛውን እኔም አጥፍቼዋለሁ።

ሽማግሌን «አንተ» ማለት። መንዝ ውስጥ ትልቅ ሰው «አንቱ» ነው የሚባለው። የልጅ ልጃቸው የምትሆኑ ሰዎች «ና፣ ልብስህን አውልቅ» ካላችኋቸው፣ መርፌው ከዚያ በኋላ ምንም አያማቸውም። በሰው ፊት ጋቢ ማስወለቅማ ሌላ ጣጣ ነው። መጋረጃ ከሌለ አንሶላ ያዙላቸው። የመሐል ሜዳ ከተማ ብርድ ራሱ አይጣል ነው።

መድኃኒት ሰጥቶ ዝም ማለት። ይቺ የኔዋ ናት። አንድ አባት የቲቢ መድኃኒት ጀመሩ። ስድስት ወር ሳያቋርጡ እንዲውጡ ነገርኳቸው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንት እንደሚያቀላ መንገሩን ግን ረሳሁት። ሽንታቸውን ሲያዩ ደም መሰላቸው። ክኒኑን ጥለው ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ሄዱ። ሲመለሱ ደግሞ ተቆጣኋቸው! «ልጄ፣ ብትነግሪኝ መች እጥለው ነበር» አሉኝ።

ጸበሉን መንቀፍም ስህተት ነው። የተነቀፈ ሰው ጸበል መሄዱን አይተውም፤ ለእናንተ መንገሩን ነው የሚተወው። «ክኒኑን በጸበሉ ዋጡት» በሏቸው። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል።

ገበያ ላይ መልስ መስጠት። «ያቺ የጎረቤቴ ልጅ ምን ሆና ነው የመጣችው?» ይሏችኋል። «ደህና ናት፣ መድኃኒት ጀምራለች» ካላችሁ ምሥጢሯን አወጣችሁ። የበሽታውን ስም ሰዉ ራሱ ይጨምርበታል። «እሷን ጠይቋት» ብላችሁ የሽንኩርቱን ዋጋ ጠይቁ። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የታካሚን ምሥጢር ስለ መጠበቅ በ1953 እ.ኤ.አ. በደንቡ ጽፎታል። ወሬ ግን ይቀድመዋል መሰለኝ። የቁስል ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅም ያው ነው። ፊቱ አይታይም አትበሉኝ፤ እዚህ ሰው በጋቢው ጥለት ይታወቃል።

ባልን ጠይቆ ሚስትን መዝለል። «እሱ ይወቅ» ብትልም፣ ለብቻዋ አንዴ ጠይቋት።

ያልለኩትን መጻፍ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ እንቅልፍ ያዳፋል። ግፊት 120 በ80፣ ሙቀት 36.5 ብሎ መሙላት ነው። ዋርዱ በሙሉ በአንድ ሌሊት ጤነኛ ሆነ! የቀን ተረኛው ግን ያንን አምኖ ነው የሚያክመው። ካልለካችሁ ባዶ ተዉት። ሐኪሙ ይቆጣችሁ ይሆናል፣ ግን ያስለካል።

ስጦታ? ድነው ከሄዱ በኋላ ያመጡትን ስድስት እንቁላል መመለስ ሰው ማሳፈር ነው። እኛ ጠብሰን ከተረኞቹ ጋር በልተናል። ወረፋ ለማስቀደም የመጣ ከሆነ ግን ዶሮም ቢሆን ይመለስ።