የእንግሊዝኛ የፖለቲካ ቅጽል ስሞችን ስንተረጉም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዝኛ የፖለቲካ ዜናን ወደ አማርኛ በሚመልሱ ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ስህተት፣ አንድ ቃል በየአገሩ አንድ ትርጉም አለው ብሎ መነሣት ነው። በብሪታንያ ቀይ የግራ ዘመሙ የሌበር (የሠራተኛ)፣ ሰማያዊ ደግሞ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ቀለም ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከ2000 ምርጫ ወዲህ ቀይ የሪፐብሊካኖች፣ ሰማያዊ የዴሞክራቶች መለያ ሆኖ ጸንቷል። ስለዚህ «ቀይ ግዛት» የሚለውን ከግራ ፖለቲካ ጋር የሚያያይዝ ተርጓሚ፣ ቀይን ከሶሻሊዝም ጋር አቆራኝቶ ለለመደው የአገራችን አንባቢ የነገሩን ተቃራኒ ያቀብለዋል። «ሊበራል»ም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ ወደ ዴሞክራቶች የሚያዘነብለውን ሰው ሲያመለክት፣ የአውስትራሊያው ሊበራል ፓርቲ ግን የቀኝ ዘመሞች ቤት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የስሙን ታሪክና የተናጋሪውን ማንነት አለመመዘን ነው። የብሪታንያው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ቅጽል ስም የሆነው «ቶሪ» ከአይሪሽ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሽፍታ ማለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1679 እስከ 1681 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ካቶሊክ ወንድም ጄምስ ከዙፋን ወራሽነት ይገለል አይገለል በሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ባላንጣዎቻቸው በወራሹ ደጋፊዎች ላይ የለጠፉት ስድብ ነው። ዛሬ ግን የፓርቲው አባላት ራሳቸው ሳያፍሩ ይጠሩበታል፣ ጋዜጦችም ለአጭርነቱ ሲሉ ይጠቀሙበታል፤ ከተቃዋሚ አፍ ሲወጣ ግን ንቀቱ አሁንም አለበት። እኔ በተራ ዜና ላይ «ወግ አጥባቂ» ብሎ መተርጎምን እመርጣለሁ፤ ንቀቱ የንግግሩ ዋና ጉዳይ ሲሆን ግን «ቶሪ» እንዳለ ቀርቶ ቢብራራ ይሻላል። የዚሁ ፓርቲ መሪ የነበሩት ማርጋሬት ታቸርም እ.ኤ.አ. በ1976 የሶቪየት ጦር ጋዜጣ «ብረቷ እመቤት» ብሎ ሲተቻቸው፣ ስሙን በቀናት ውስጥ በኩራት ተቀብለውታል።

«ኦባማኬርን» እ.ኤ.አ. በ2010 ከጸደቀው የአሜሪካ የጤና መድን ሕግ የተለየ ፕሮግራም አድርጎ መቁጠርም ስህተት ነው። ተቃዋሚዎች ያስፋፉት፣ ኦባማም በኋላ የተቀበሉት የዚያው ሕግ ቅጽል ስም ስለሆነ፣ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ መድን የሚጽፍ ሰው የሕጉን መደበኛ ስምና ቅጽል ስሙን አንድ ላይ ቢጠቅስ አንባቢውን ከግራ መጋባት ያድነዋል።

የመጨረሻው ስህተት ቃል በቃል መተርጎም ነው። «አንካሳ ዳክዬ» ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም፤ ተተኪው ተመርጦ የሥልጣን ዘመኑን ማብቂያ የሚጠብቅ ባለሥልጣን ስለሆነ «ተሰናባች» ይበቃዋል። «ዊፕ» የሚለውንም «አለንጋ» ብሎ መተርጎም አያስፈልግም፤ ቃሉ የአደን ውሾች ከመንጋቸው እንዳይለዩ ከሚጠብቀው ሰው የተወሰደ ሲሆን፣ የፓርቲውን አባላት ለድምፅ አሰጣጥ የሚያሰባስበው እንደራሴ መጠሪያ ነው፤ የእኛም ምክር ቤት «የመንግሥት ተጠሪ» የሚል ስም አለው።