ልጆች በጉንፋንና በሳል ሲያዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ልጅ ሲያስል መጀመሪያ የሚወቀሰው አየሩ ነው። ቤተሰቡ ለሰርግ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሰንብቶ ከተመለሰና የሕፃኑ ንፍጥ በሦስተኛው ቀን መውረድ ከጀመረ፣ ሁሉም «የሐረር ብርድ መታው» ይላል። በእኔ ግምት ጥፋቱ ከብርዱ ይልቅ ሕፃኑን እየተቀባበለ ሲስመው በዋለው ዘመድ ላይ ያመዝናል፤ ጉንፋን የሚመጣው ራይኖቫይረስን፣ ኢንፍሉዌንዛንና አርኤስቪን በመሳሰሉ ቫይረሶች ሲሆን፣ የሚተላለፉትም በእጅ፣ በሳልና በማስነጠስ ነው። በብርድ ማሳበቡ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዱት ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ስህተቶች ናቸው።

ከሁሉ የሚዘወተረው ልጁ ባሳለ በማግስቱ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ መግዛት ነው። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይደለም፤ ንፍጡ ወፍሮ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጉንፋን ሲበስል እንዲሁ ይሆናልና። መድኃኒቱ «ሠራ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳቱ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን በራሱ ስለሚበርድ ነው። ሳሉ ግን እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ በ10ኛው ቀን «አልተሻለውም» ብሎ ሌላ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ መጨመር ተቅማጥ ከማስከተሉም በላይ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲላመዱት ያደርጋል። ካለፈው ሕመም የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ ከፍሪጅ ማውጣት ደግሞ ይብሳል፤ በውሃ የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን እንደየዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ያገለግላል።

በአንጻሩ ወላጅ ሊያደርገው ሲገባ የሚዘለው ነገር ትንፋሽ መቁጠር ነው። ግንባር በእጅ እየዳሰሰ ትኩሳት ማወቅ የለመደ ሰው የልጁን ደረት ገልጦ ማየት ትዝ አይለውም። ልጁ ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ የተቆጠረ አያገለግልም፤ ተኝቶ ወይም ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን እስከ ደረቱ ከፍ አድርጎ፣ የስልኩን ሰዓት ከፍቶ፣ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያሉ ሙሉ 1 ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል። የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቆም ስለሚል ጥቂት ሰኮንዶች ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተቆጠረ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ልጁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የፈዘዘ ልጅ ግን የቆጠራም ጊዜ የለውም፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ተፈልጎ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ትኩሳትን ሁሉ ጉንፋን ብሎ ማለፍ በተለይ ለድሬዳዋ ሰው አደገኛ ነው። በከተማዋ በትንኝ የሚተላለፉ የትኩሳት በሽታዎች፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ ተከስተዋል፤ በ2022 ደግሞ በውሃ ማጠራቀሚያዎች በሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ በተባለው ትንኝ ሳቢያ ወባ ተስፋፍቶ ነበር። ስለዚህ ሳልና ንፍጥ የሌለው ትኩሳት የደም ምርመራ ያሻዋል። ዴንጊ ደም ሊያፈስ ስለሚችል፣ በሽታው እስኪለይ ድረስ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉትን ማስታገሻዎች ለልጁ መስጠት አይገባም፤ አስፒሪን ደግሞ በቫይረስ ለታመመ ልጅ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊያስከትል ይችላል። የሚሻለው ፓራሲታሞል ሲሆን፣ መጠኑ በልጁ ክብደት ይወሰናል፤ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ ያልበለጠ ይሰጣል። የሚለካውም ከሽሮፑ ጋር በሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ነው፤ የቤት ማንኪያ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ነው።

በከሰዓቱ ሙቀት ትኩሳት ያለበትን ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ መስኮቱን መዝጋት፣ በዚያ ላይ ከሰል ማቀጣጠልና ዕጣን ማጨስ ለታመመ ሳንባ ተጨማሪ ሸክም ነው። ቀለል ያለ ልብስ ይበቃዋል፤ የቡናው ምድጃ በረንዳ ይውጣ፤ የቡናው ጣዕም አይቀንስም።

«እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ማስቆረጥ ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ይዳርጋል፤ በግድ የሚዋጥ ቅቤም ወደ ሳንባ ገብቶ ራሱን የቻለ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ድርድር የለም።

የሳል ሽሮፕ ለትንንሽ ልጆች ጥቅሙ እምብዛም ነው። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ማታ ትንሽ ማር ሳሉን ያስታግሳል፤ ከዚያ በታች ላለ ግን ቦቱሊዝም የተባለው ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ ስለሚያሰጋ ፈጽሞ አይሰጥም። የተዘጋ አፍንጫ ከፋርማሲ በሚገዛ የጨው ውሃ ጠብታ ከመጥባቱ በፊት ቢጸዳለት ጡቱን ሳያቋርጥ ይጠባል፤ በሳል ሰበብ ጡት ወይም ምግብ መከልከል ልጁን ያደክመዋል።

«ጉንፋን ነው» ተብሎ ከጤና ጣቢያ የተመለሰን ልጅ እንደዳነ ቆጥሮ መተውም ስህተት ነው። በተለይ ከ2 ዓመት በታች ባሉት ላይ አርኤስቪ የሚያመጣው የትንንሽ አየር ቧንቧዎች ሕመም በብዛት የሚከፋው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ስለሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ትንፋሹን ጠዋትና ማታ ቆጥሮ ቁጥሩን መጻፍ፣ ከጨመረም ወረቀቱን ይዞ መመለስ ያስፈልጋል።