የውሻን የተሰነጠቀ ውስጥ እግር ሲንከባከቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የውሻ ውስጥ እግር ከገላው ቆዳ ሁሉ የወፈረ ነው፤ ከሥሩ ግጭትን የሚያበርድ የስብ ሽፋን አለው፣ ገጹም መሬትን ቆንጥጦ እንዲይዝ ሻካራ ሆኖ ተፈጥሯል። ብዙ አሳዳጊዎች ግን ይህን ሻካራነት እንደ ጉዳት ይቆጥሩትና እንደ ሰው ተረከዝ ሊያለሰልሱት ይደክማሉ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰ ውስጥ እግር ጠጠር ሲረግጥ በቀላሉ ይላጣል። እንክብካቤ የሚያስፈልገው ጠርዙ የተነሣ፣ ውስጡ የቀላና በአውራ ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት ውሻው እግሩን ሰብሰብ የሚያደርግበት ስንጥቅ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ለሰው የተሠራ ቅባት መቀባት ይመስለኛል። ውሻ እግሩ ላይ ያረፈውን ሁሉ ስለሚልስ፣ የተቀባው ነገር ውሎ አድሮ ሆዱ መግባቱ አይቀርም። ለተረከዝ በሚሸጡ ቅባቶች ውስጥ የሚገኘው ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ለሕፃናት መቀመጫ በሚቀቡት ውስጥ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ፣ እንዲሁም ቲ ትሪ የሚባለው ዘይት ለውሻ ጎጂ ናቸው፤ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ስለተለጠፈበት ብቻ የሚታመን ነገር የለም። የሚመረጠው ሽታ የሌለው፣ ለውሻ ተብሎ ከንብ ሰም የተዘጋጀ ቅባት ነው። እሱ ከሌለ ንጹሕ ቫዝሊን በስሱ ተቀብቶ ለጊዜው ያገለግላል። ለአንድ እግር አተር የምታህል መጠን ትበቃለች፤ በጣት አሽቶ ካሰረጉት በኋላ፣ ለመላስ እንዳይቸኩል ለ10 ደቂቃ ያህል ውሻውን በጨዋታ መያዝ ይገባል። ከመንሸራሸር በፊት ከመቀባት ይልቅ ማታ ሊተኛ ሲል መቀባቱ ይሻላል፤ ቅባት ያለበት እግር ያንሸራትታል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ቆሻሻ ሳይወገድ መቀባትም ሌላ ጥፋት ነው። አስቀድሞ በለብታ ውሃ አጥቦ፣ በተለይ በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥበት በፎጣ አድርቆ መጨረስ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ሆኖ የቆየ ቦታ ለፈንገስና ለባክቴሪያ ይመቻል። በየቀኑ በሳሙና ማጠብ ደግሞ ድርቀቱን ያባብሳል።

የተነሣውን ቆዳ በምላጭ መቁረጥ ወይም በሞረድ መፋቅ አደገኛ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም የሞተው ቆዳ የት አልቆ ሕይወት ያለው የት እንደሚጀምር በዓይን መለየት ያስቸግራል። ተንጠልጥሎ የሚያስቸግር ቆዳ ካለ ለእንስሳት ሐኪም መተው ነው። ስንጥቁ ላይ አልኮል ወይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማፍሰስም ከማቃጠሉ በላይ በመዳን ላይ ያለውን ሥጋ ይጎዳል። ደም ከወጣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ለ5 ደቂቃ ያህል ሳያነሡ መጫን ነው።

መንሥኤው ባለበት እያለ ቅባት መደራረብ ልፋት ብቻ ነው። አየሩ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነበት ቀን እንኳ ፀሐይ የመታው አስፋልት ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የእጅዎን ጀርባ መሬቱ ላይ አሳርፈው እስከ 7 ሰከንድ ካልታገሡት ውሻውም አይታገሠውም። በረዶ ለማቅለጥ የሚበተን ጨውና በረኪና ያለበት የወለል ማጽጃም ቆዳውን ያደርቃሉ።

ካልሲ ወይም ጫማ ቀኑን ሙሉ አድርጎ መተው አይገባም፤ ውሻ በውስጥ እግሩ ስለሚያልበው እርጥበቱ እዚያው ይታፈናል። ፋሻም ጠብቆ ከታሰረ ጣቶቹን ያሳብጣል።

በመጨረሻ የሚነሣው፣ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ የሚታወቀው ስህተት ሁሉንም ስንጥቅ ተራ ድርቀት ማለት ነው። አንድ እግር ብቻ ከታመመ የተሰካ እሾህ ወይም ቁስል ይጠረጠራል። በጣቶቹ መካከል ያለው ጠጉር የዝገት መልክ ካመጣ ውሻው አብዝቶ እየላሰው ነውና አለርጂ ሊኖር ይችላል። አራቱም እግሮች ጠንክረው አፍንጫውም ከተቀረፈ ነገሩ ከበድ ይላል፦ ዲስቴምፐር የተባለው የቫይረስ በሽታ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት የቆዳ ሕመም፣ በሃስኪና በማላሙት ዘሮች ላይ የሚታየው የዚንክ እጥረት፣ በዕድሜ በገፉ ውሾች ደግሞ የጉበት ሕመም በዚህ መልክ ሊገለጡ ይችላሉ። መግል፣ እብጠት ወይም ማነከስ ከታየ ሳይውል ሳያድር፣ ሌላው ደግሞ በአንድና በሁለት ሳምንት እንክብካቤ ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ምንም ቅባት አይቀቡት፤ ሐኪሙ ከስንጥቁ ናሙና መውሰድ ቢፈልግ ቅባቱ ያስቸግረዋል።