ከባንክ ብድር እስከ ልጅ አፍ መፍታት፦ የመመረቂያ ሪሰርች እንዴት ይሰራል

ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ ስድስት አመት ታይፕ ሳደርግና ስጠርዝ ቆይቻለሁ፣ በኋላ ደግሞ ራሴም ማስተርስ ገብቼ ስለጨረስኩ የሁለቱንም ወገን ጣጣ አውቀዋለሁ። ያኔ ጠዋት የባንክ ብድር፣ ከምሳ በኋላ የጤፍ ዝርያ፣ ማታ ደግሞ የሦስት አመት ልጅ እንዴት እንደሚያወራ የሚያጠና ጽሁፍ በአንድ ቀን በእጄ ያልፍ ነበር። ሰው ፊልዱ ሲለያይ ችግሩም የሚለያይ ይመስለዋል፣ እኔ ያየሁት ግን ቢዝነሱም ቋንቋውም የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ጥያቄውም መጠይቁም ከሌላ አገር እንዳለ ተነስቶ ይመጣና እዚህ ሰው ፊት ሲቀርብ አይሰራም። ስለዚህ ፎርማት ምናምን ትቼ እሱ ላይ ነው የምቆየው።

መጀመሪያ ታይትል። "የእንትን ተጽዕኖ በእንትን ላይ፣ የእገሌ ባንክ ሁኔታ" የሚለውን ስንት ጊዜ ታይፕ እንዳደረግኩት እኔ ነኝ የማውቀው፣ አንዳንዱማ የባንኩን ስም ብቻ ቀይርልኝ ብሎ ነው የሚመጣው (ቀይሬያለሁ፣ እንጀራ ነው)። ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት በአንድ አረፍተ ነገር ይሄን ጻፉ፦ የት ሄጄ፣ ማንን አግኝቼ፣ ምን ጠይቄ ወይም ምን ቆጥሬ ነው የማውቀው? "መርካቶ እህል በረንዳ ሄጄ ነጋዴዎቹ ብድር ሲፈልጉ ከባንክ በፊት ለምን እቁብ እንደሚመርጡ እጠይቃለሁ" የሚለው ሪሰርች ይሆናል። "የፋይናንስ አካታችነት በኢትዮጵያ" የሚለው ግን ገና ርዕስ አይደለም፣ አድቫይዘራችሁም ዝም ብሎ "አጥብበው" ብሎ ይመልሳችኋል፣ እንዴት እንደሚጠብ ግን አይነግራችሁም።

ንባቡን ቶሎ ልለፈው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሁፎች ኦንላይን ላይ ክፍት ናቸው፣ ርዕሳችሁን እዛ ፈልጉና ሰው ሰርቶት ከሆነ መጨረሻው ላይ ሊሚቴሽን የሚለውን አንብቡ፣ ሪሰርች ጋፕ (ገና ያልተጠና ክፍተት) እያላችሁ የምትጨነቁበት ነገር ብዙ ጊዜ እዛ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለታሪክና ለባህል ነገር እዛው ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ እንደ ፈረንጆቹ 1963 የተቋቋመ ነው፣ በድሮው ቤተ መንግስት ውስጥ። ለድሮ ጋዜጣ ወመዘክር ሂዱ። ተቀምጦ ለመስራት ደግሞ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት አለላችሁ፣ 2014 ላይ የተከፈተው። ያነበባችሁትን ዞቴሮ የሚባለው የማጣቀሻ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ላይ ያዙ፣ ግን ተጠንቀቁ፣ የእኛን ሰው ስም ሁለት ላይ ይከፍለውና የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል። የታሪክ ምሁሩ ባህሩ ዘውዴ "ዘውዴ" ተብሎ አይጠቀስም፣ ባህሩ ነው። ስሙን በአንድ ሳጥን ማስገቢያውን ምረጡና ሙሉውን አስገቡት።

አሁን ወደ ዋናው። ከቢዝነሱ ልጀምር።

ሁሉም ሰው የሚጠቀመው ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም" ያለው ባለ አምስት ሳጥን መጠይቅ ነው፣ ሊከርት የሚባል አሜሪካዊ በ1932 ያወጣው (የውጭ ሰዎቹን አመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት)። መለኪያው ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። እኛ ሰፈር ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፣ ሰውየው ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ወረቀት ስትሰጡት ተማሪዋን ላስደስታት ብሎ ሁሉንም "እስማማለሁ" ላይ ራይት ያደርግና ይመልስላችኋል። ከዛ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ስታስገቡት ክሮንባክ አልፋ (የመጠይቁን አስተማማኝነት ይለካል የሚባለው ቁጥር፣ ጣሪያው 1 ነው) 0.9 ይወጣና ደስ ይላችኋል፣ እሱ እኮ የሚነግራችሁ መልሶቹ አብረው እንደሚሄዱ ነው፣ አንድ አምድ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደም ሰው መልሱ አብሮ ይሄዳል። መድሃኒቱ ሁለት ሦስት ጥያቄዎችን ገልብጦ መጻፍ ነው። "ቅርንጫፉ ቶሎ ያስተናግደኛል" ካላችሁ ወረድ ብላችሁ "ወረፋ ላይ ብዙ እቆያለሁ" በሉ፣ ሁለቱም ላይ በጣም እስማማለሁ ያለውን ሰው አስቡበት። ስኮር ስትደምሩ ደግሞ የተገለበጠውን መልሳችሁ መገልበጥ አትርሱ፣ ይሄን ረስቶ ዲፌንስ ላይ የተዋረደ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልናገርም፣ ኮፒ ቤት ይሰራ ነበር።

ገቢ ደግሞ በቀጥታ አይጠየቅም። መርካቶ ገብታችሁ "የወር ገቢዎ ስንት ነው?" ካላችሁ ከግብር የመጣችሁ ነው የምትመስሉት፣ ወይ ይስቁባችኋል ወይ የውሸት ቁጥር ይሰጧችኋል። "ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ስንት ኩንታል ወጣ?" በሉ፣ ይነግሯችኋል፣ ዋጋውን ከሌላ ቦታ አጣርታችሁ ራሳችሁ አባዙት። ሻይ ቢሉ ጠጡ። ማስታወሻ ደብተሩንም ገና እንደተቀመጣችሁ አታውጡ።

ትርጉሙስ? እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ትመልሱታላችሁ፣ ከዛ እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ሁለቱን እንግሊዝኛዎች ታስተያያላችሁ። ብሪስሊን የሚባል ሰው በ1970 ስለዚህ ዘዴ ጽፏል፣ እስካሁንም ይሰራል። ጓደኛችሁን በአንድ ማኪያቶ ማሰራት ትችላላችሁ። "ከሚሰሩበት ተቋም ጋር ስሜታዊ ትስስር አለኝ" የሚል ነገር እኔ ታይፕ አድርጌያለሁ፣ የትኛው የባንክ ገንዘብ ያዥ ነው እንዲህ የሚያወራው?

ሳምፕል ላይ፣ ማለትም ስንት ሰው ልጠይቅ በሚለው ላይ፣ ሁሉም የያማኔን ፎርሙላ ይዞ ይመጣል። ቀላል ነው፣ ጠቅላላው 1000 ሰው ከሆነና ስህተቱን 5 ፐርሰንት ካላችሁ፣ 1000ን በ0.0025 ታባዙና አንድ ትደምሩበታላችሁ፣ 3.5 ይመጣል፣ 1000ን ለሱ ስታካፍሉ ወደ 286 ሰው ይሆናል። በቃ ይሄው ነው። ግን ቁጥሩ የሚሰራው ዝርዝሩ እውነት ከሆነ ነው። አንዲት ልጅ ፒያሳ ያሉ ሱቆችን ልታጠና ከአንድ መስሪያ ቤት ዝርዝር ተቀብላ ሎተሪ አውጥታ ስትሄድ ግማሾቹ ሱቆች የሉም፣ 2016 ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ ተነስተዋል፣ ዝርዝሩ ከዛ በፊት የተሰራ ነበር። እዛው ቆማ ደወለችልኝ፣ ምን እንደምላት ጠፋኝ። እና መጀመሪያ አንድ ቀን መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት፣ ቁጠሩት፣ ከዛ ነው ፎርሙላው።

አመተ ምህረት ሌላ ጣጣ ነው። የመንግስት በጀት አመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ባንኮች ግን ሂሳባቸውን የሚዘጉት በፈረንጅ ጁን 30 ነው፣ ማለትም ሰኔ 23። የአንዱን ሪፖርት ከሌላው ጋር ስታስተያዩ ሠንጠረዡ ስር የቱን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ "2015" የሚለው የማን 2015 እንደሆነ እናንተም ከሦስት ወር በኋላ አታስታውሱትም። ደሞ ሐምሌ ላይ ፋይናንስ ክፍል ዳታ ስጡኝ ብላችሁ አትሂዱ፣ ሂሳብ እየዘጉ ነው፣ አያዩአችሁም።

ወደ ልጆቹ ልምጣ፣ እኔ ራሴ የሰራሁት እዚህ ላይ ነው።

የልጅ ንግግር ስታጠኑ 286 ልጅ አያስፈልጋችሁም። ሮጀር ብራውን የሚባለው ሰው ለዘመናዊው የልጅ ቋንቋ ጥናት ትልቅ መሰረት የጣለው ሦስት ልጆችን ተከታትሎ ነው፣ አዳም፣ ኢቭና ሳራ ብሎ የጠራቸውን፣ መጽሐፉ 1973 ላይ ወጣ። የሱ ዘዴ የልጁን 100 ንግግሮች ይዞ እያንዳንዱ ውስጥ ስንት ትርጉም ያለው ቁራጭ እንዳለ ቆጥሮ አማካዩን ማውጣት ነው። እኔም ቃል በቃል ልቆጥር ተቀመጥኩና አንዷ ልጅ "አልሰጠኝም" አለች። ስንት ነው ይሄ? ፊደሉ ላይ አንድ ቃል ነው፣ ውስጡ ግን "አል" አለ፣ መስጠቱ አለ፣ ሰጪው እሱ መሆኑ አለ፣ ተቀባይዋ እኔ ማለቷ አለ፣ መጨረሻ ላይ "ም" አለች። ቃል ብቻ ከቆጠራችሁ የአማርኛ ልጅ ከእንግሊዝኛው ልጅ ወደኋላ የቀረ ይመስላል፣ አልቀረም፣ ሁሉንም አንድ ላይ አጣብቆት ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመራችሁ አንድ ገጽ የአቆጣጠር ህግ ጻፉ፣ ሌላ ሰው በዛው ህግ ጥቂቱን ይቁጠርላችሁ፣ ካልተስማማችሁ ህጉን አስተካክሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ጂን በርኮ በ1958 ለልጆች የሌለ እንስሳ ስዕል አሳይታ "ይሄ ዋግ ነው፣ አሁን ሁለት ሆኑ፣ ሁለት ምን?" እያለች ብዙ ቁጥር ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ፈተነች። እሱን ወደ አማርኛ መልሳችሁ "ሁለት..." ስትሉት ልጁ "ሁለት ዋግ" ይላል፣ እናንተም አልቻለም ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። እኛ እኮ ራሳችን "ሁለት ልጅ አለኝ፣ ሦስት ወንበር አምጣ" ነው የምንለው፣ ከቁጥር በኋላ "ኦች" የግድ አይደለም! ልጁ ልክ ነው፣ የተሳሳተው ፈተናው ነው። ቁጥር የሌለበት አረፍተ ነገር አዘጋጁለት፣ ለምሳሌ "እነዚህስ? እነዚህ ምንድናቸው?" በሉና ብዙ ልጆች ላይ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት አዋቂ ሰው ላይ ሞክሩት፣ አዋቂው "ኦች" ካላለ ከልጁ አትጠብቁ።

የድምጽ አወጣጥ የምትፈትኑም ከእንግሊዝኛ የተቀዳ የስዕል ዝርዝር አትጠቀሙ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ቀ እዛ ውስጥ የሉም። ቅል፣ ጠርሙስ፣ ጨው፣ ቤት ያለውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ስትጽፉ ደግሞ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ "ገና" ብላችሁ ብትጽፉ ልጁ በዓሉን ይበል ጊዜውን ይበል አይታወቅም፣ እኔ በሚጠብቀው ላይ ሁለት ነጥብ አደርግ ነበር፣ የፈለጋችሁትን ምልክት ተጠቀሙ፣ ብቻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ።

ቀረጻው እንዲህ ነው። ልጁን "ይሄ ምንድነው?" እያላችሁ ከጠየቃችሁት አንድ አንድ ቃል ነው የምታገኙት። ዕቃ ዕቃ ተጫወቱ፣ አሻንጉሊቱን በተሳሳተ ስም ጥሩት፣ ለማረም ሲል ረጅም ያወራላችኋል። ቲቪ ይጠፋ፣ ቡና የሚወቀጥበት ሰዓት አይሁን፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። አያትየው አጠገብ ካሉ በሱ ፈንታ ይመልሳሉ፣ "እማማ፣ እሱ ራሱ ይንገረኝ" ማለት ነው በትህትና። ዕድሜውን በወር ያዙ፣ "በመስከረም ሦስት ይሞላዋል" ከተባላችሁ የክትባት ካርዱን ጠይቁ። የግማሽ ሰዓት ድምጽ ወደ ጽሁፍ ለመገልበጥ እኔ ሁለት ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል፣ ስለዚህ አስር ሰዓት ቀድቼ መጣሁ ብላችሁ አትኩራሩ። ወላጅ መፈረም አለበት፣ ቅጂውን ለማን እንደምታሰሙም ንገሯቸው። ወላጅ ፈርሞ ልጁ አልፈልግም ብሎ ካለቀሰ የዛን ቀን ስራ አለቀ።

ደብዳቤ። ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ ስታጽፉ የቢሮውን ስም በትክክል አስጽፉ፣ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም መኖሩን እዛው ቆማችሁ እዩ፣ ሦስት ኮፒ ያዙ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረሱ። "ነገ ተመለሺ" ካሏችሁ ነገ ተመለሱ፣ ግን ደብዳቤው የተመራለትን ሰው ስምና የቢሮ ቁጥር ይዛችሁ ውጡ።

ሲያልቅ ወደ ኮፒ ቤት በወርድ ፋይል አትምጡ፣ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ በተለይ አማርኛውን በድሮው ፓወር ግዕዝ ከጻፋችሁት እኛ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ኮተት ነው የሚሆነው። ለዲፌንስ ስፓይራል በቂ ነው። ጥቁሩን ሽፋን በወርቅማ ፊደል አስጠርዛችሁ ገብታችሁ ኮሚቴው "ቻፕተር ፎርን አስተካክል" ሲላችሁ እኔ ጋ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ፣ ሂሳቡም እንደገና ነው።